ማን ነው የተራበው?

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ፣ ቡናው ከአቦል አልፎ ቶና ላይ ደርሷል። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ የጋራዡ በር ላይ ቆሞ ለጓደኛው በስልክ ይጮኻል። «ተርቦ ነው እኮ! አሁን መጣ! በር ላይ ነው ያለው!» እናት የያዙትን ስኒ ረከቦቱ ላይ መልሰው ብድግ አሉ።

«ማን ነው የተራበው? ምን በር ላይ ታቆመዋለህ? አስገባው እንጂ፣ የትናንት ሽሮ አለ!»

በር ላይ የነበረው እንግዳ ካርቶን ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት የቀንድ አውጣ ቀፎ ጀርባ ለጀርባ የተጣበቀ የሚመስል ብረት ተቀምጧል፤ በመሐንዲስ አፍ ተርቦቻርጀር፣ በአገር ቤት ሾፌር አፍ በአጭሩ «ተርቦ»። አማርኛ ቃሉን ሲቀበል ሳያስበው የሰጠው ትርጉም ከነገሩ ብዙም አይርቅም። ሞተር የሚርበው ቤንዚን ይመስለናል፤ ዋናው ምግቡ ግን አየር ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በወጉ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ወጥ ነው ከተባለ አየሩ እንጀራ ነው፤ ያውም ለአንድ ጭልፋ ወጥ አሥራ አምስት እንጀራ። የተርቦ ሥራ ይህን እንጀራ አጣጥፎ ማጉረስ ነው።

የሚያጎርሰውም ሊጣል በነበረ ነገር ነው። ከሞተሩ ተቃጥሎ የሚወጣው ጢስ ገና ግለትና ግፊት እያለው በማርሚታ በኩል ይባክናል። ተርቦው ያንን ጢስ ወደ አንዱ ቀፎ አስገብቶ ትንሽ መዘውር ያሽከረክርበታል። መዘውሯ በአንድ ዘንግ ከሌላኛው ቀፎ መዘውር ጋር የተያያዘች ናት፤ ያቺኛዋ ንጹሕ አየር እየመጠጠች ወደ ሞተሩ ታጭቃለች። በትንንሽ መኪኖች ላይ ይህች ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ትዞራለች። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አልፍሬድ ቡሺ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል።

አባት ይህ ሁሉ ሲነበብላቸው አልተደነቁም። ዛሬ ሬገን ኤርፖርት ላይ ታክሲ ይነዳሉ፤ በጎልማሳነታቸው ግን ኤንትሬ ፊያት ይዘው የአሰብን መስመር የተመላለሱ ሰው ናቸው። የአየር ረሃብን የሚያውቁት በመጽሐፍ ሳይሆን በማርሽ ነው። ከወደብ ሞልቶ የተነሣው መኪና በረሃውን ጋልቦ ጋልቦ፣ ከደብረ ሲና በላይ የጣርማ በርን ዳገት ሲጀምር ጉልበቱ ይከዳዋል።

«ያው ጭነት ነው፣ ያው ሞተር ነው፣ ያው እኔ ነኝ» ይላሉ። «ረዳቱ ታኮ ይዞ በእግሩ ይከተለናል። አንዳንዴማ ቀድሞን ይሄዳል።»

ከዳተኛው ዳገቱ ብቻ አልነበረም። አዲስ አበባ እንኳ በ2,355 ሜትር ከፍታዋ ከባሕር ዳርቻ አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ አየር ነው የምትተነፍሰው፤ ጣርማ በር ደግሞ ከእሷም በላይ ነው። ይህንኑ ነገር በመለኪያ ለማየት በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ አናት ላይ ወጣ፤ 4,300 ሜትር ገደማ ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚያ ሲደርስ 230 ሆነ። ተርቦ ሲገጠምለት 356 አወጣ። አባት ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አስደገሙና፣ «እኛ ጣርማ በር ላይ የጠፋብንን ፈረስ ሰውዬው እዚያ ነው ያገኘው» አሉ።

እንግዲህ ረሃቡም ምግቡም ታወቀ። የቀረው መሃሉ ነው፤ የአምስት ወር ቅዳሜና እሑድ የበላውም ይኸው መሃሉ ነው።

መኪናዋ የ1990 ማዝዳ ሚያታ ናት። ወንበሯ ሁለት፣ ጣሪያዋ ታጣፊ፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ጉልበቷ 116 ፈረስ። እናት ገና የተገዛች ዕለት ዞር ዞር ብለው አይተዋት፣ «ይሄ መኪና ነው ወይስ ነጠላ ጫማ?» ብለው ነበር። በኋላ ግን በሐምሌ ሙቀት ከቅዳሴ የምትመልሳቸው እሷ ሆነችና አንድ ቃል አስገቡት፤ ምንም ቢሠራባት ኤሲዋ አይነካም።

ተርቦ ይገዛል። ከሞተሩ ቴስታታ አራት ቀዳዳዎች ጢስ ተቀብሎ ወደ ተርቦው አንድ አፍ የሚያደርሰው ብረት፣ ማኒፎልድ የሚባለው፣ እሱ ነው ጉዱ። መኪናዋ ይዛው የመጣችው ማኒፎልድ ተርቦ የሚሸከምበት ጀርባ የለውም። ለሚያታ የተሠራ ዝግጁ ዕቃ ገበያ ላይ አለ፤ ለምን አትገዛም ሲባል ልጁ የተርቦው አፍ አይገጥምም፣ የእማዬ ኤሲ ቦታ ያጣል፣ እያለ ይደረድራል። እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው። የተገዛ ማኒፎልድ ኮፈን ተከፍቶ ሲታይ «ስንት ገዛኸው?» ያስጠይቃል። የተሠራው «ማን ሠራው?» ያስጠይቃል። ይህቺን ሁለተኛ ጥያቄ ለመስማት ሰው ምን እንደማያደርግ ጎጆ ቤት በገዛ እጁ የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ሥራው የሚጀምረው በካርቶንና በእርሳስ ነው። የቴስታታው ቀዳዳዎችና ብሎኖች የት የት እንደተቀመጡ ለመገልበጥ ቀላሉ መንገድ በመሃላቸው የሚገባውን ስስ ማሸጊያ ካርቶን ላይ አስተኝቶ ዙሪያውን መሣል ነው።

«አባዬ፣ ጋስኬቱን አቀብለኝ።»

«ምኑን?»

«ጋስኬቱን። ይቺን ስስ ነገር።»

«ጓርኒሲዮን አትልም!»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ጋራዡን ሁለት መዝገበ ቃላት ያስተዳድሩት ጀመር። ልጁ ሲሊንደር ሄድ ሲል አባት ቴስታታ ይላሉ፤ ነት ሲል ዳዶ፣ ስፓርክ ፕላግ ሲል ካንዴላ፣ ክላች ሲል ፍሪሲዮን፣ ሁድ ሲል ኮፈን። «ንጹሕ አማርኛ ተናገር» ብለው ሲቆጡት ልጁ ስልኩን አውጥቶ አንድ በአንድ ፈለገና ሁሉም ጣሊያንኛ ሆነው ተገኙ። አባት አልተረቱም። «ጥሎት ሄደ፣ እኛ አነሣነው። ታዲያ የማን ነው?» ማርሚታ ላይ ሲደርሱ ግን እናትም ከማድ ቤት ብቅ አሉ። ለካ ማርሚታ በጣሊያንኛ የመኪና ጢስ ማውጫ ብቻ ሳይሆን ድስት ማለትም ነው። «እኔ መጀመሪያም ወጥ ቤት ነው የሚመስለው ብያለሁ» ብለው ተመለሱ።

ሁለተኛው ደረጃ በፕላስቲክ መለማመድ ነው። ብረት ውድ ነው፣ የተቆረጠ ብረትም አይቀጠልም ማለት ባይቻልም ያስለቅሳል። ስለዚህ ብልሆቹ መጀመሪያ ከውሃ ቧንቧ መሸጫ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦና ክርን እየገዙ ቅርጹን ሞተሩ ላይ ያዋቅራሉ። ልጁ አንድ ሙሉ ከረጢት ቱቦ ተሸክሞ ሲገባ እናት ደስታቸው ወሰን አጣ። የምድር ቤቱ ማጠቢያ ከፋሲካ ጀምሮ ያንጠባጥባል።

«ተባረክ የኔ ልጅ! አሰብክበት በመጨረሻ!»

ቱቦው በሙሉ ሚያታዋ ውስጥ ገባ። ማጠቢያው ማንጠባጠቡን ቀጠለ።

የመጀመሪያው ንድፍ ያማረ ነበር፤ ስለዚህም አልሠራም። ነገሩ እንዲህ ነው። የዚች ሞተር አራት ፒስቶኖች በተራ በተራ ነው የሚተኩሱት፣ 1-3-4-2። እያንዳንዱ ሲተኩስ የሚወጣው ጢስ እንደ ውሃ ጅረት የሚፈስ ሳይሆን እንደ ከበሮ ምት የሚመታ ነው። አራቱ ቱቦዎች ርዝመታቸው እኩል ከሆነ ምቶቹ እኩል እየተራራቁ ተርቦው ዘንድ ይደርሳሉ፤ አንዱ የሌላውን እግር አይረግጥም። አጭርና ረጅም ከሆኑ ግን ቅዳሴ ሲያልቅ በአንድ በር እንደሚወጣ ምዕመን ግፊያ ይፈጠራል። ልጁ ይህን ካነበበ ወዲህ እኩል ርዝመት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። አንደኛው ቱቦ በሦስተኛው ሥር፣ ሦስተኛው በአራተኛው ላይ፣ እንደ ዘንዶ እየተጠማዘዘ ተሠራ። ለፎቶ የሚሆን ነው። ኮፈኑ ግን አራት ጣት ያህል ሲቀረው አልዘጋ አለ።

የዚህ ተቃራኒ ግንድ የሚባለው ዓይነት ነው። አንድ ወፍራም ቱቦ፣ አራት አጫጭር ቅርንጫፍ፣ አለቀ። መልኩ የቧንቧ ሠራተኛ በንዴት የገጣጠመው ይመስላል። ነገር ግን ቦታ አይፈጅም፣ ጢሱ ሳይቀዘቅዝ ተርቦው ጋ ይደርሳል፣ የሚሰነጠቅበት ቦታም ጥቂት ነው። እሽቅድምድም ለማይወጣ፣ እናቱን ከቤተ ክርስቲያን ለሚመልስ መኪና ከዚህ ሌላ የሚያስፈልግ ነገር መኖሩ ያጠራጥራል። ጋራዥ ውስጥ ይህን መናገር ግን ሠርግ ላይ ስለ ወጪ እንደማንሣት ነው። በመጨረሻ ልጁ መሃል ላይ ቆመ። ቱቦዎቹ አጭር ይሁኑ፣ ግን ለየብቻቸው ይሂዱና ተርቦው አፍ ላይ ይገናኙ፤ ርዝመታቸውም እኩል ባይሆን ይቀራረብ።

በፕላስቲኩ ጊዜ ብቅ የሚሉት ጠላቶች ብዙ ናቸው። የፍሬን ቱቦ በቅርብ ካለፈ ፈሳሹ ሊፈላ ይችላል። ተርቦው ዘይት ይጠጣል፣ የጠጣውንም ዘይት በስበት ብቻ ወደ ታች ይመልሳል፤ ስለዚህ ከሞተሩ ዘይት ቋት በላይ መቀመጥ አለበት። ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ዘይቱ መሄጃ አጥቶ በማርሚታው በኩል ሰማያዊ ጢስ ሆኖ ይወጣል፣ ጎረቤትም ይወጣል። ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን ቁልፍ ነው። ዳዶ በንድፍ ላይ ነጥብ ናት። በተግባር ግን ቁልፍ የሚገባበት፣ ቁልፉን የያዘው እጅ የሚገባበት፣ እጁም ሩብ ዙር የሚዞርበት ቦታ ትፈልጋለች። ብዙ የተዋበ ማኒፎልድ ጠረጴዛ ላይ ከተደነቀ በኋላ መኪናው ላይ ሲደርስ ሁለት ዳዶው ሳይጠብቅ የሚቀረው በዚህ ነው። እዚህ ላይ አባት ዋጋቸውን አስመሰከሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በፕላስቲኩ ዙሪያ እያንዳንዱን ዳዶ በቁልፍ እየዳሰሱ፣ «ይቺ ትገባለች፣ ይቺ ትገባለች፣ ይቺ አትገባም» አሉ። ለምን ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ሲጠየቁ፣ «ሚሌ በረሃ ላይ በሌሊት ማን መብራት ያበራልሃል?» ነው መልሳቸው።

ከዚያ ብረት ተገዛ። እዚህ ላይ የአሜሪካ ቧንቧ አጠራር አባትን ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነሥቷቸዋል። የተገዛው ቱቦ ስሙ «አንድ ከሩብ ኢንች፣ ስኬጁል 10» ነው። አንድ ከሩብ ኢንች ማለት 31.75 ሚሊ ሜትር ነው። አባት ሜትራቸውን አወጡና ለኩት። ከውጭ 42.2 ሚሊ ሜትር። ከውስጥ 36.6። መልሰው ለኩት። 31.75 የሚባል ነገር ቱቦው ላይ የትም የለም። የድሮ አጠራር ነው፣ ስም እንጂ ልክ አይደለም፣ ቢባሉ አልተዋጠላቸውም። «መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ቢሆን ይሄ ነጋዴ በጩኸት ነበር የሚባረረው።»

ቱቦው 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ነው፣ የግድግዳው ውፍረት 2.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። ከዚህ የቀጠነው ያምራል፣ ይቀላል፣ ይሰነጠቃል። ተርቦው ራሱ ከባድ ነው፤ ማኒፎልዱ ላይ ተንጠልጥሎ ሲንቀጠቀጥ ይኖራል። ክብደቱ ግን ከሙቀቱ አይብስም። ቤንዚን ሞተር ተጨንቆ ሲሠራ ከውስጡ የሚወጣው ጢስ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ብረት ሲግል ይረዝማል፤ 304 ደግሞ ከተራ ብረት የበለጠ ይረዝማል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር የሆነ የ304 ቁራጭ 700 ዲግሪ ሲጨመርበት ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ያድጋል። የተያያዘበት ቴስታታ ግን በውሃ እየቀዘቀዘ መቶ ዲግሪ አካባቢ ላይ ተቀምጧል፤ አያድግለትም። አንዱ ልደግ ይላል፣ ሌላው አልንቀሳቀስም ይላል፣ በመሃል ብሎን ይሰበራል ወይም ብየዳ ይተረተራል። እናት ይህን ሲሰሙ አልገረማቸውም፤ የጋለ ምጣድ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የረጨች ሙሽራ ምን እንደሚደርስባት ያውቃሉ።

ስለዚህ ከቴስታታው ጋር የሚገናኘው ወፍራም ዝርግ ብረት፣ ፍላንጁ፣ ግማሽ ኢንች ውፍረት ተሰጠው። ጫፍ ጫፍ ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ክብ መሆናቸው ቀርቶ ሞላላ ተደረጉ፤ ብረቱ ሲያድግ የሚንሸራተትበት ክፍተት እንዲኖረው። ይህ በዓይን የማይታይ፣ ፎቶ ላይ የማይወጣ፣ ማንም «ማን ሠራው?» ብሎ የማይጠይቅበት ሥራ ነው። ማኒፎልዱን በሕይወት የሚያቆየው ግን እሱ ነው።

ቱቦዎቹ በነጥብ በነጥብ ተበይደው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የቆሙ ዕለት እናት ገብተው ዙሪያውን አዩት። ከታች ሰፋ ያለ ሆድ፣ ወደ ላይ የሚወጡ አንገቶች።

«ይሄማ ጀበና ነው። አራት አንገት ያለው ጀበና።»

ልጁ ትንሽ ቅር አለው። ሊቀየም ግን አይገባም፤ ከእናቱ በፊት እንግሊዞችም እንዲሁ ብለዋል። በ1977 ሬኖ 1.5 ሊትር ባለ ተርቦ ሞተር የጫነች ቢጫ መኪና ይዞ ወደ ፎርሙላ ዋን ሲገባ፣ መኪናዋ ሲልቨርስቶን ላይ ተወዳድራ ሳትጨርስ ቀረች። ከዚያም በኋላ እየጨሰች ከመንገድ መውጣት ልማዷ ስለሆነ «ቢጫዋ የሻይ ጀበና» የሚል ስም አወጡላት። ሳቁ ሁለት ዓመት ቆየ። በ1979 ዣን-ፒየር ዣቡይ ዲዦን ላይ በፈረንሳይ ግራንድ ፕሪ በሬኖ ተርቦ አንደኛ ወጣ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሳቂዎቹ ሁሉ ተርቦ ፍለጋ ላይ ነበሩ።

ከብየዳው በፊት ትምህርት ነበረ። ልጁ ማታ ማታ እየሄደ ቲግ የሚባለውን ብየዳ ተምሯል፤ አንድ እጅ እሳቱን ይይዛል፣ ሌላው እጅ ዘንጉን ይመግባል፣ እግር ደግሞ ኃይሉን ይረግጣል። አባት መንገድ ዳር ፀሐይ መነጽር አድርጎ የሚበይድ ሰው ነው የሚያውቁት፤ ስለዚህ ይህን ሁሉ ጭንብልና ጓንት ሲያዩ ቀዶ ሕክምና መሰላቸው። ፍላንጁ ተራ ብረት፣ ቱቦው የማይዝግ ብረት ስለሆነ በመሃላቸው የሚቀልጠው ዘንግ 309 የሚባለው መሆን አለበት። የሁለቱንም ወገን ጠባይ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል፤ ያለ እሱ ጋብቻው አይጸናም።

የማይዝግ ብረት ሌላም አመል አለው። ሲበየድ ከውጭ ጋዝ ተሸፍኖ ቢያምርም፣ ከውስጥ በኩል አየር ካገኘው ጀርባው ይቃጠልና ጥቁር፣ ሻካራ፣ የተንጠባጠበ ካራሜላ የመሰለ ነገር ያወጣል። መድኃኒቱ ቱቦውን ከሁለት ጫፍ ደፍኖ ውስጡን አርገን ጋዝ መሙላት ነው። በያጆች ይህን በሽታ «ስኳር» ይሉታል። ልጁ አንዱን ቱቦ ያለ አርገን በይዶ ኖሮ በማግስቱ ለጓደኛው በስልክ ይናገራል።

«አንዱ ስኳር አለበት። አዎ፣ ከውስጥ። አይ፣ አይድንም፤ ተቆርጦ ነው የሚወጣው።»

እናት እጃቸው ላይ የነበረው ሽንኩርት ወደቀ። አባት ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ደም ሰጥተው ነበር፤ ውጤቱን እስካሁን አልተናገሩም። በሩጫ ወረዱ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው? ለምን ደበቃችሁኝ?»

«ትናንት ማታ ነው ያየሁት፣ እማዬ። አርገን አላደረግኩለትም።»

«መድኃኒት አጥቶ ነው በለኛ! የቱ እግሩ ነው?»

«ሁለተኛው።»

አባት በዚህ መሃል ከታክሲያቸው ወርደው በሁለት እግራቸው ሲገቡ እናትን ምን እንደሚያስለቅሳቸው ጠየቁ። ነገሩ ተገልጦ እስኪሳቅ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ከዚያ ወዲያ አርገን ሳይሞላ የሚበየድ ነገር አልነበረም፤ እናት ራሳቸው ከደረጃው ላይ፣ «ጋዙን ሰጠኸው?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ሁሉም ተበይዶ ሲያልቅ ፍላንጁ እንደ ሙዝ ጎብጦ ተገኘ። ይህ የማይቀር ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይጎትታል። ከዚያ በፊት ከወፍራም ብረት ጋር በብሎን ታስሮ ስለነበር ጉብጠቱ ያነሰ ሆነ እንጂ አልቀረም። መላው ወደ ፍሬዛ ቤት መውሰድ ነው። ሠራተኛው አንድ ቃል ሳይናገር ፊቱን ልጦ፣ ቀጥ አድርጎ መለሰው። በአምስት ወር ውስጥ ምክር ያልሰጠ ብቸኛ ሰው እሱ ነው።

የነዳጁና የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ሌላ ወግ ይወጣዋል። አንድ ነገር ብቻ ሳይነሣ አይታለፍም። ተርቦ ከተጫነባቸው የመጀመሪያዎቹ የሽያጭ መኪኖች አንዷ የ1962 ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ናት። ሞተሯ እንዳያንኳኳ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ለብቻው በተሠራ ጋን ይጨመርላታል፤ ስሙም «ተርቦ ሮኬት ፍሉይድ»። ባለቤቶቹ መሙላቱን ይረሳሉ። ጋኑ ሲደርቅ መኪናዋ ጉልበቷን ራሷ ትቀንሳለች፤ ባለቤቶቹም ይበሳጫሉ፣ ብዙዎቹም ተርቦውን አስወልቀው ጣሉት። ለራዲያተር ውሃ ከአዋሽ በጄሪካን የቀዱት አባት ይህን ሰምተው ለአሜሪካ አዘኑ።

ሞተሩ የተነሣው ዓርብ ማታ ነው። መጀመሪያ ጋራዡን ጢስ ሞላው፤ አዲስ ብረት ላይ የቀረ ዘይትና የእጅ ላብ ሲቃጠል የሚወጣ ጢስ ነው፣ ለባለሙያ አያስደነግጥም፣ ለጎረቤት ያስደነግጣል። ከዚያ ልጁ መንገድ ወጥቶ ለጥቂት ደቂቃ ነድቶ ተመለሰና መብራት አጥፍቶ ኮፈኑን ከፈተ። ማኒፎልዱ ጨለማ ውስጥ ፍም መስሎ ቀልቷል። ሦስቱም ዝም ብለው አዩት። «ዕጣን ማጨሻ ይሆን ነበር» አሉ እናት።

በሦስተኛው ቀን አባት ሳሎን ተቀምጠው ዜና እያዩ ጆሯቸውን ቀሰሩ። መኪናዋ ግቢ ስትገባ በሞተሩ ድምፅ መሃል ቀጭን «ጢስ፣ ጢስ፣ ጢስ» ሰምተዋል። ወርደው ሳይጠይቁ ቁልፍ አነሡና እጃቸውን አስገቡ፤ ሁለት ዳዶ ላልቷል። ግሎ መቀዝቀዝ፣ ግሎ መቀዝቀዝ ዳዶ ይፈታል፤ አዲስ ማኒፎልድ ከጥቂት ጉዞ በኋላ እንደገና መጠበቅ አለበት። «ይቺ ናት አትገባም ያልኩህ» አሉ፣ ገብታላቸው እያለ።

ለአንባቢ መደበቅ የማይገባ አንድ ነገር አለ። ፋብሪካዎች ከዚህ ዕቃ እየተገላገሉ ነው። ፎርድ በ2012 ባወጣት ባለ ሦስት ሲሊንደር 1.0 ሊትር ኢኮቡስት ሞተር ላይ ማኒፎልዱ ለብቻው የለም፤ ከቴስታታው ጋር አብሮ ተፈስሷል፣ በውሃም ይቀዘቅዛል። ፍላንጅ የለ፣ ጓርኒሲዮን የለ፣ የሚላላ ዳዶ የለ። ልጁ ይህን ያወቀው ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ለአባቱ እስካሁን አልነገራቸውም።

በቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ አለበት፣ እንደ አገር ቤቱ ቦሎ። የጢስ ማጣሪያውን ማንሣት በፌደራል ሕግ ስለሚከለከል እሱ ከነቦታው ቀርቷል። መርማሪው መብራቱን፣ ፍሬኑን፣ ጎማውን አይቶ መስታወቷ ላይ ምልክቱን ለጠፈ። ኮፈን ሲከፈት ግን ትንሽ ቆየት ብሎ አየና፣ «ማን ሠራው?» አለ። ልጁ ለዚህች ጥያቄ አምስት ወር የተዘጋጀ ቢሆንም መልሱ ጠፋበት።

የሚቀጥለው እሑድ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ሚያታዋ ውስጥ ተቀመጡ፤ ኤሲው እንደ ቃል ኪዳኑ ይነፍሳል። አባት ቦታ ስለሌለ በታክሲያቸው ከኋላ ተከተሉ። ቅዳሴው ካለቀ በኋላ የመኪና ማቆሚያው ላይ ኮፈኑ ተከፈተ፤ ማን እንደከፈተው አልታወቀም። አሥር የሚሆኑ ወንዶች ከበቡት። አንዱ ቤት አሠሪ፣ አንዱ ፋርማሲስት፣ ሦስቱ ታክሲ ነጂ፣ ሁሉም ሐሳብ አላቸው። አንድ ሽበት የጣለባቸው ሰው አጎንብሰው፣ «ይሄ ጀበና የመሰለው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ልጁ አፉን ከመክፈቱ በፊት እናት በመሃል ገቡ።

«ተርቦ ነበር፤ እሱ ነው የሚያጎርሰው» አሉ። «ሲግል ያድጋል፣ ለዚያ ነው ቀዳዳው ሞላላ የሆነው። ሁለተኛው እግሩ ስኳር ነበረበት፤ ተቆርጦ ወጣለት። አሁን ደኅና ነው።»

ፋርማሲስቱ ቀና ብለው ልጁን አዩት።